የመነኮሰው ዛፍ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሮውሌት ከተማ ያለው ቤታችን ከቡድሂስቶች ገዳም ጋር በአጥር ይዋሰናል። ድንበሩ ላይ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለ፤ የእነሱም የእኛም ነው። እናቴ «አውሎ ነፋስ የመጣ ቀን ጣሪያችን ላይ ይወድቃል፤ አስቆርጠው» እያለች ስለነዘነዘችኝ ቆራጭ ቀጠርኩና ለመነኮሳቱም ነገርኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር ስንወጣ ዛፉ ላይ ብርቱካናማ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። ከሥሩ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ቆመዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው በእንግሊዝኛ።

«የእኛ ልብስ ነው። ትናንት አመነኮስነው» አሉኝ ረጋ ብለው። «በአገራችን ደን እንዳይጨፈጨፍ እንዲህ እናደርጋለን። አንተ ግን ጎረቤታችን ነህ፤ ብትቆርጠውም አንቀየምህም።»

ሳቄም መጣ፣ አፈርኩም። ቆራጩ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። እናቴ እጄን እየጎተተች «ምን አሉ?» ስትለኝ ቃል በቃል ተረጎምኩላት።

ቀና ብላ ጨርቁን አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ለመነኩሴው ዝቅ ብላ እጅ ነሣችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ መነኩሴ ልታስቆርጥ ነበር እንዴ? በል ቶሎ ሰውዬውን ኮል አድርገህ ካንስል አድርገው!»