የደጋዋ አያቴ ቆላ ያደረችበት ቀን

አውቶቡስ ቁልቁለቱን ሲጀምር ጆሮዬ ድፍን ይላል። ምክንያቱን ዛሬ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልሁ አስረዳለሁ፤ ዝቅ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይጨምራል፣ ምራቅ ስትውጡ ይከፈታል እላቸዋለሁ። በልጅነቴ ግን ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ቆላው አያቴ እየሄድን ነው!

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የአባቴ እናት ጣርማ በር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከደመናው ጋር ትኖር ነበር። የእናቴ አባት ደግሞ ታች ቆላው ውስጥ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ በማሽላው መካከል። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል እሱ ዘንድ እንወርዳለን። ግን ጧት ወርደን፣ በልተን፣ በመጨረሻው አውቶቡስ ጣርማ በር ተመልሰን የምናድረው እሷ ዘንድ ነው። የቆላው አያቴ የልጅ ልጆቹን አንድም ሌሊት አሳድሮ አያውቅም።

"ቆላ ይበላበታል እንጂ አይታደርበትም" ትል ነበር የደጋዋ አያቴ። የበኩር ልጇ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ለአጨዳ ወርዶ እዚያው ሲያድር ሰንብቶ፣ ወባ ይዞት ተመልሶ እጇ ላይ ሞቶባታል። ስለዚህ የሚከራከራት አልነበረም።

በዚያ ዓመት ግን የቆላው አያቴ በአውቶቡስ ረዳት አፍ መልእክት ላከ፦ "ለልጆቹ ወባ የማትደርስበት መኝታ ሠርቻለሁ። እመይቴ ካላመኑኝ ራሳቸው መጥተው ይዩት።"

"እሄዳለኋ!" አለች የደጋዋ አያቴ።

ሁለቱ አያቶቼ በአንድ ግቢ! ቀኑን በጣቴ ስቆጥር ሰነበትሁ። እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ከደብረ ብርሃን ተነሣን፤ የደጋዋ አያቴ ጣርማ በር ላይ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ቋጥራ ተሳፈረች። መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ ስንገባ ከወንድሜ ጋር በጨለማው ጮኽን፤ ስንወጣ ብርሃኑ ዓይናችንን ወጋን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛንና ሹራባችንን አወለቅን። ከዚያ በታች ካልሲያችን ወለቀ። እሷ ግን ጋቢዋን ንክች አላደረገችም።

"እማማ፣ አይሞቅዎትም?" አለቻት እናቴ።

"ይሙቀኝ። ሙቀት አይገድልም፤ የሚገድለው ሌላ ነው።"

ኬላው ላይ ወታደር ገባና ወረቀት ጠየቀ። "እማማ፣ ወዴት ነው?" አላት።

"አማቼ ቤት። ወባ ልፈትሽ።"

"ካገኟት ለእኛም ይያዙልን!" አለና አውቶቡሱ በሙሉ በሳቅ አውካካ።

ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን ገፋን። የበሰለ ፓፓያና የናፍጣ ሽታ ተቀላቅሎ ይሸታል። የቆላው አያቴ ቁምጣውን ለብሶ፣ በረጅም እግሮቹ እየተወረወረ መጣ።

"እንኳን ደህና መጡ እመይቴ! ጋቢውን ልቀበልዎት?"

"ይቆይ። መጀመሪያ ያሉትን ያሳዩኝ።"

ከምሳ በኋላ ወደ ማሳው ወሰደን። ማማ ታውቃላችሁ፤ ወፍ የሚጠበቅበት የእንጨት ሰገነት ነው፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ይይዛል። የእሱ ግን በአራት የግራር ምሰሶ ላይ የቆመ፣ ሣር የተከደነ፣ ሰሌን የተነጠፈበት፣ ቤተሰብ የሚያስተኛ ነበር።

"ወባ ነፋስ አትወድም" አለ። "ከታችም ኩበት አጨስባታለሁ።"

"ይህን እሷው ነገረችዎ?"

"ዕድሜ ልካችንን አብረን ነው የኖርነው። ጠባይዋን አውቃለሁ።"

አያቴ መሰላሉን ነቀነቀችና መውጣት ጀመረች። እናቴ "ኧረ ይወድቃሉ!" ብትል፣ "ከጣርማ በር ገደል ያልወደቅሁ ከዚህ ልወድቅ?" አለች። እኔም ተከተልኋት። ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ከሥራችን ቀዩ የማሽላ ራስ ይወዛወዛል፣ ወንድሜ ታች ወንጭፉን እያጮኸ ወፍ ያባርራል። እኔ የማየው ግን ፊቷን ብቻ ነበር። እሺ ትላለች? አትልም?

እሷ ወደ ምዕራብ ታይ ነበር። እዚያ ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል።

"ያ የማነው ገደል?" አለች።

"የእርስዎ ነዋ! ጣርማ በር ነው" አለ አያቴ ከታች።

ዕድሜዋን ሙሉ ቆላውን ከላይ ስታይ የኖረች፣ ቤቷን ከታች አይታው አታውቅም። ፀሐይዋ በዚያው ሰዓት ወደ ተራራው ጫፍ እያዘቀዘቀች ነበር።

"እንዴ! ፀሐይ እኛ ቤት ነው እንዴ የምትገባው?"

"በየቀኑ! ጧት ከእኛ ወገን ትወጣለች፣ ማታ እናንተ ዘንድ ታድራለች። አትሂጂ ብለናት አናውቅም።"

ከአስፋልቱ በኩል የመጨረሻው አውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ። እናቴ ሹራባችንን መሰብሰብ ጀመረች። የቆላው አያቴ አልለመነም፤ ፊቱን መልሶ ወንጭፉን ከወንድሜ እጅ ተቀበለና መጠቅለል ያዘ።

"አንቺ!" አለች አያቴ ለእናቴ፣ ከላይ ሆና። "ምን ያሯሩጥሻል? ይልቅ ያንን ኩበት ለኩሱት።"

ጩኸታችን ወፎቹን ሁሉ ከማሽላው አስነሣ። እኔ ስዘል ማማው ተወዛወዘና እሷ ምሰሶውን እንደያዘች "ወባዋን ተዪያት፣ አንቺ ትጨርሺናለሽ!" አለችኝ።

ከዚያች ሌሊት ወዲያ እዚያ አላደርንም። በዓመቱ የመንደር ምሥረታ መጣና የቆላው አያቴ ከማሳው ርቆ ሰፈረ፤ ማማም መልሶ አልሠራም። ማሳው ዛሬ የሽንኩርት እርሻ ሆኗል።

በዚያች ሌሊት ማግስት ጧት ስነቃ የአያቴ መዳፍ ግንባሬ ላይ ነበር። ቀጥላ የወንድሜን፣ ቀጥላ የእናቴን ዳሰሰች። ከዚያ በመሰላሉ ወረደች። የቆላው አያቴ ሌሊቱን ሲያጨስ አድሮ ዓይኑ ቀልቷል፤ ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ደህና ናቸው" አለችው። "እስቲ ጎንበስ ይበሉ።"

ያ ረጅም ሰውዬ ጎንበስ አለ። መዳፏን ግንባሩ ላይ አሳረፈችና ለልጆቹ ካቆየችው ይልቅ ረዘም አድርጋ አቆየችው። እሱም ዓይኖቹን ጨፈነ።