በዋንዛ ቅጠል ላይ
ሴትዮዋ ጅጋ ከተማ ካለው የላም ማዳቀያ ስትደርስ የበዓል ቀሚሷ ጠርዝ በጤዛ ርሷል። በአንድ እጇ ላሟን ትስባለች፤ በሌላው የዋንዛ ቅጠል እንደ ጠበል ተጠንቅቃ ይዛለች። ቅጠሉ ላይ ከላሟ የወረደ ዝልግልግ ፈሳሽ አለ። አዳቃይዋ ያምሮት በሁለት ጣቷ ሳበችው፤ እንደ እንቁላል ነጭ ጠርቶ ሳይበጠስ ተለጠጠ። የላሟ ሆርሞን ከፍ ሲል ፈሳሹን እንዲህ ያደርገዋል፤ ላሟ ኮርማ ፈልጋለች።

«ጊዜዋ ነው፤ ግን ባልዎ ያውቃሉ?» ስትል እንደ ልማዷ ጠየቀቻት።

«ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እሱ የሚያውቀው ወተቷን ነው።»

ያምሮት ሳቋን ውጣ ጓንቷን አጠለቀች።

ማዳቀሉን ሲጨርሱ ሴትዮዋ ገመዱን ከላሟ አንገት ፈትታ ፊት ፊት ሄደች፤ ላሟም ተከተለቻት። አስፋልቱ ላይ አንድ አይሱዙ ክላክሱን አስጮኸ። ሴትዮዋ ዞር ብላም አላየችው፤ ሾፌሩ ቆሞ አሳለፋቸው።