ሴት አኩራፊ

ባለፈው ሰሞን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አስፋልቱ ዳር ችግኝ የሚሸጥ አንድ ወጣት፣ በጥቁር ፌስታል የተተከለች ነገር ከፍ አድርጎ እያሳየኝ፣ «እናቴ፣ ይቺን ውሰጂ። ካና ትባላለች፤ ለሆቴሎች ነው የምናቀርባት። እንክብካቤ ብቻ ነው የምትፈልገው» አለኝ። እንክብካቤ! እኔ ሥሩን በዶማ ስነቅል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ሲበቅል ሳይ በብሽቀት ያደግኩበትን ተክል! ስሜ ትዕግስት ነው፤ ያወጡልኝ ሰዎች ምን አይተው እንደሆነ እንጃ። «ልጄ፣ ይሄ ሴት አኩሪ ነው፤ የማንንም እንክብካቤ አይፈልግም» ብዬው አለፍኩ። ቤቴ እስክደርስ ግን ስበግን ሄድኩ።

እናቴ ከዶርዜ ወርዳ አርባ ምንጭ የገባችው ስታገባ ነው። በደጋው ዳቦ የሚጋገረው በኮባ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ነው። የእኛ ሰፈር ሙቀት ደግሞ ለእንሰት አይሆንም። የሙዝ ቅጠል ከኩልፎ ወንዝ ዳር እንደ ልብ ይመጣል፤ እሷ ግን «ነፋስ የቀደደው ነው፣ ሊጥ ያፈሳል» እያለች ትንቀዋለች። ስለዚህ ከጎረቤት አንድ የሴት አኩሪ ሥር ለምና የልብስ እጣቢ ከሚፈስበት ከአጥሩ ጥግ ቀበረችው። አንድ ሥር ብቻ! በሁለት ክረምት ግቢውን አልፎ ሽንት ቤቱ በር ላይ ደረሰ። ሰፊው ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፣ ጥቁር ፍሬውን ልጆች እንደ ጠጠር ይጫወቱበታል፣ የተረፈውን በጉ ይበላዋል። ስሙንም ያገኘው ከዳቦው ነው ይባላል፤ እንግዳ ድንገት ቢመጣ ባለቤቲቱን አያሳፍራትም፣ ያኮራታል።

የእናቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነበር። «አባትሽ መጣች» ትላለች፣ «በጓ ታሰረ» ትላለች፤ ይሁን። ሴት አኩሪን ግን «ሴት አኩራፊ» ስትል አልችልም ነበር። አንዱ የሚያኮራ፣ ሌላው ፊቱን አጥቁሮ ጥግ የሚይዝ!

«እማ፣ አኩሪ በይ። አ-ኩ-ሪ።»

«እኔስ ምን አልኩ? አኩራፊ።»

አባቴ ክርክር የማይወድ ሰው ስለነበር ከጊዜ ብዛት እሱም አኩራፊ ማለት ጀመረ። በቤቱ ትክክለኛውን ስም የምጠራ እኔ ብቻ ቀረሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ፤ ስህተት ሰምቶ ማለፍ እንደ ኃጢአት ይከብደኝ ነበር።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ አካባቢ፣ አንድ ሰኔ ላይ፣ ለታላቅ እህቴ ለአስቴር ሽማግሌ ተላከ። እሷ አሥራ አንደኛ ክፍልን ገና መጨረሷ ነው። ጠያቂው ካምባ ወረዳ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ጨዋ ሰው ነበር፤ አባቴም አስቀድሞ ቃሉን ሰጥቷል። የቀረው ወጉ ብቻ ነው። ጠዋት እኔ ቅጠል ቆረጥኩ፣ እናቴ የመሃሉን ጅማት በቢላ አሳስታ እሳት ላይ ለብለብ አደረገችው፣ አስቴር ሊጡን አቦካች። ቀኑን ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። አፍራ ነው አልኩ።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ደምሴ፣ ከሰሜን መጥተው ከከተማው ላይኛ ሰፈር፣ ሴቻ፣ የከረሙ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበሩ። ዳቦውን ቆርሰው አሸተቱት።

«እንዴት ያለ ዳቦ ነው! የማን እጅ ነው?»

«አስቴር ነች» አለች እናቴ።

«ሽታውስ? ምን አድርጋበት ነው?»

እናቴ በመስኮቱ ወደ ጓሮ እየጠቆመች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ሴት አኩራፊ ናት!» አለች።

ጓሮ ውስጥ፣ ከተክሉ ፊት ለፊት፣ አስቴር እጇን እየታጠበች ቆማለች። ይባስ ብሎ አባቴ አንገቱን እየነቀነቀ፣ «አዎ፣ ግቢውን እኮ የያዘችው እሷ ናት» አለ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ውሃ ቅጂ ብላ አስወጣችኝ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንግዲህ ተመካክረን እንመለሳለን» ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ወሬው በጎረቤት በኩል ደረሰን። «ልጅቷ አኩራፊ ናት ብላ እናቷ ከመሰከረች ምን ይቀራል?» ተብሏል። አባቴ ራሱን ያዘ። እኔ ልፈነዳ ደረስኩ። የእህቴ ትዳር በአንዲት ፊደል ሊቀር! አንድ ግንድ ከነቅጠሉ፣ ከነቀይ አበባው ቆርጬ፣ ለማንም ሳልናገር የሴቻን ዳገት በዚያ ሙቀት ወጣሁት። ጋሽ ደምሴ በራቸው ላይ ማንጎ እየላጡ አገኘኋቸው። ተክሉን እግራቸው ሥር አስቀምጬ ነገሩን ከሥሩ አስረዳሁ። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«እና አኩራፊዋ ይቺ ናት?»

ያንኑ ቀን ወደ ሙሽራው ወገን መልእክት ላኩ።

እየበረርኩ ስመለስ እናቴና አስቴር ጓሮ ቅጠል እየቆረጡ ነበር። የሠራሁትን ነገርኳቸው። የእናቴ ቢላ ቆመ።

«ማን ላከሽ?»

«ስህተትሽን ነዋ ያረምኩት! አኩሪ ነው የሚባለው፣ እማ!»

«ሴት አኩሪ» አለች፣ ጥርት አድርጋ። «እኔ ይሄን አጣሁት?»

አስቴር ቅጠሉን አስቀምጣ ቤት ገባች። ደስታ ነው አልኩ። እግዜር ይስጥሽ የሚለኝ አንድ ሰው በመጥፋቱ ግን ሳምንት ሙሉ ተበሳጨሁ።

እናቴ ካረፈች ቆየች። አስቴር ካምባ አምስት ልጆች አሳድጋለች፤ ባሏም ክፉ ሰው አይደለም። ያን ቀን ከችግኝ ሻጩ ተለይቼ ቤት ስገባ፣ የመጨረሻ ልጇን ዩኒቨርሲቲ ልታስመዘግብ መጥታ እኔ ዘንድ አርፋ ነበር። ለልጅቷ ታሪኩን እንደ ልማዴ እያሳቅሁ አወራሁላት። አስቴር ወረቀቶቹን ፖስታ ውስጥ እየከተተች፣ ቀና ሳትል፣ «እማን ለሽማግሌዎቹ እንዲያ በይልኝ ብዬ የለመንኳት እኔ ነኝ» አለች። «አሥራ ሁለተኛን ልፈተን ብዬ። አባባ ቃል ሰጥቶ እምቢ ማለት የት ይቻላል?»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ይህን ሁሉ ዓመት የባለውለታ ያህል ሳወራው ኖሬ!

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮኽኩባት።

«እማን ከማረም መች ፋታ አገኘሽ?» አለችና የልጇን ፖስታ በጥንቃቄ አሸገች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብሽቀቴ በራሴ ላይ ሆኗል። በሌላ ሰው መበሸቅ ደግ ነው፤ ተጣልቶ፣ ጮሆ ይወጣለታል። ለዚህኛው ግን እናቴ በሕይወት የለችም፣ አስቴርም ይቅርታዬን ስጀምርላት «ተይው» ትለኛለች።