እትዬ ጽጌ ለሐኪሙ ያልነገረችው

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ትናንት ሽሮ ሜዳ መድኃኒት ቤት ወረፋ ስጠብቅ ፋርማሲስቷ ከፊቴ ያለችውን ሴት «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ አጠገቧ የቆመውን ሰውዬ ቀና ብላ አየችውና «የለም» አለች። ምናልባት እውነቷን ይሆናል። እኔ ግን የመጣሁበትን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እትዬ ጽጌ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ፣ ቁስቋም ዳገቱ ላይ ባለችው አንድ ክፍል ቤታችን፣ ለሸማኔዎች ጥጥ እየፈተለች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልቧን ያማት ነበር። ደሟ እንዳይረጋ የሚያቀጥን ኪኒን በየቀኑ ትውጣለች፤ ይህን በሠፈሩ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ክረምት ላይ ደረጀ የሚባል ሸማኔ እትዬን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ ሠርጉ ለጥቅምት ተቆርጦ ነበር። እትዬ ከዚያ ወዲህ ሥራዋ በእኔ መሳቅ ሆነ። «አንቺማ ተራሽ ደርሶ በሠርግሽ ቀን ነጠላሽ ውስጥ ትደበቂያለሽ፤ ሙሽራው ‹ሚስቴን ያያችሁ› እያለ ሲዞር ይውላል!»

«ስለ ኪኒኑ ንገሪው እንጂ» ስላት ግን ሳቋ ይጠፋል።

«የልብ በሽተኛ ማን ያገባል? መውለድ አትችልም ይሉኛል። ቆይ፣ እነግረዋለሁ።»

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ከእንጦጦ ቁልቁል ጭቃውን እየጠረገ በሚወርድበት ሰሞን፣ ኃይለኛ ጉንፋን ጣላት። የደረጀ እናት እማማ ዘነበች አጥሚት ይዘው ሊጠይቋት መጡ፤ ትኩሳቷን ሲያዩ እጇን ይዘው ክሊኒክ ወሰዷት። ኢንፍሉዌንዛ ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጣት። ስትመለስ፣ እማማ እስኪወጡ ጠብቃ ነገረችኝ።

«ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ አሉኝ። እማማ አጠገቤ ቁጭ ብለው አፍ አፌን ያዩኛል። ምን ልበል? የለም አልኩ። የጉንፋን ኪኒን ምን ያደርጋል ብለሽ ነው?»

ሁለቱንም ዋጠች። ትኩሳቱ በረድ ሲልላት ደስ አለን። ከዚያ ጥርሷን ስትፋቅ ድዷ ይደማ ጀመር፤ ቀጥሎ ነሰራት፤ ነስሩም አልቆም አለ። እማማ ዘነበች ግን እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

«እሰይ! ይውጣላት! በዋግምት የሚወጣው ክፉ ደም እኮ ነው። አሁን ዳነች በሉ!»

በማግስቱ ጠዋት ራሷን ይዛ ጮኸች፤ አስመለሳት። ደረጀ ታክሲ ጠርቶ ሆስፒታል ወሰድናት። እዚያ ሐኪሙን ብቻውን ሳገኘው፣ ስለ ልቧ ኪኒን ነገርኩት።

«አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ደም ከሚያቀጥን ኪኒን ጋር ሲወሰድ መድማትን ሊያባብስ ይችላል» አለኝ። «ሕመሙ ራሱም ሊያመጣው ይችላል፤ በዚህ ነው ብዬ አልቆርጥም። አስቀድሞ ቢታወቅ ግን ደሟ ቶሎ ቶሎ እየተመረመረ ክትትል ይደረግላት ነበር። አሁን ጭንቅላቷ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው።»

በዚያው ቀን አረፈች።

እማማ ዘነበችን አልወቅስም፤ እጇን የያዙት በፍቅር ነበር። ደረጀንም አልወቅስም። ከቀብሯ በኋላ ሁሉንም ስነግረው «እኔ እኮ ያም ሆኖ አገባት ነበር» ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይኼው ነው። ያን ያህል የፈራችው ነገር ለካ ከነጭራሹ አልነበረም።

ያን ቀን፣ ከማረፏ በፊት፣ አልጋዋን እየገፉ ወደ ውስጥ ሊያስገቧት ሲሉ እጄን ያዘችኝ። ደረጀ በር ላይ ቆሟል። ለሐኪሙ መናገሬ ገብቷታል።

«ጥሩ አደረግሽ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለደረጀ ግን አትንገሪው። ስወጣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»