ለመኪናዋ የሚደረብ ባና

አጎቴን ሳስብ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ባናቸው ነው። የከተማችን የመሐል ሜዳ ውርጭ ሞተሩን እንዳያቀዘቅዝባቸው፣ ያንን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ሲመሽ በትንሿ መኪናቸው ኮፈን ላይ ይደርቡ ነበር። ኢሕአዴግ በገባ ሰሞን አሮጌ ገዝተው እስከ መጨረሻው ያልለወጧት መኪና ናት። ሰው ሲስቅባቸው «እናንተ ጋቢ አላችሁ፤ እሷ ምን አላት?» ይሉ ነበር።

ታመው ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ልወስዳቸው ባሰብኩበት ቀን ዋዜማ፣ ሲንቀጠቀጡ አይቼ ባናውን ደረብኩላቸው። ተቆጡኝ።

«እሷን አልብሻት እንጂ! ጧት እምቢ ካለች በምን ልትወስጂኝ ነው?»

«ጋሼ፣ እርስዎስ ይበርድዎት የለም ወይ?»

«እኔን ተይኝ።»

ከላያቸው አንስቼ አለበስኳት። ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህንን ነው። ጧት መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። መንገድ ላይ ሞላሌ ከተማ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡትን ጋሼን ልቀሰቅሳቸው ዞርኩ። እጃቸውን ስነካው ቀዝቅዟል፤ አርፈዋል።

ዛሬም ሲመሽ ባናውን ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ። ከኋላዬ ባዶ አልጋቸው፣ ከፊቴ እሷ፤ ማንን እንደማለብስ አላውቅም።