ለአንድ ሰው የተያዘው ጉዞ

እናቴና አክስቴ መጋረጃ ሰፊዎች ናቸው። የሚሠሩበት ክፍል ጠባብ ስለሆነ ሁለቱ የስፌት መኪናዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ቀና ስትል የምታየው የሌላዋን ግንባር ነው። በዚያ ክፍል የማይሻር አንድ ደንብ አለ፦ አንዷ የለካችውን ጨርቅ ሌላዋ ደግማ ሳትለካው መቀስ አይነካውም። ደንቡን ያወጣችው ታላቂቱ፣ እናቴ ናት። አክስቴ «እትዬ፣ አንቺ እኮ ጥላሽንም ደግመሽ ሳትለኪ አታምኚውም» እያለች ብታሾፍባትም ደንቡን ጥሳ አታውቅም ነበር።

ውኃ ውስጥ መጥለቅንም የተማሩት አብረው ነው። ለአንድ የመዋኛ ማዕከል መጋረጃ ሊሰቅሉ በሄዱበት፣ የአየር ሲሊንደር በጀርባቸው ያዘሉ ሰዎች ከገንዳው ወለል ላይ ሲንበረከኩ አዩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ሁለቱም ተመዘገቡ። በጠላቂዎች ሥርዓት ማንም ለብቻው አይወርድምና ጥንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓት ወሬያቸው አንድ ብቻ ሆነ፦ እንግዶቿ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው እያደሩ በየቀኑ የሚጠልቁባት መርከብ፣ ሞቃት ባሕር፣ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል። በመስኮቱ በኩል ማን እንደሚተኛ ሳይቀር ተጣልተውበታል።

ለጉዞው የጤና ምርመራ ሲያደርጉ ግን ሐኪሙ የእናቴን የጆሮ ታምቡር ተበስቶ አገኘውና ዳግመኛ እንዳትጠልቅ ከለከላት። እናቴ ስትወጣ አክስቴን «ያንቺ ወሬ ነው የበሳው» ብላ ሳቀች፤ ስለ መርከቧም ከዚያ በኋላ አላነሳችም።

አክስቴ ግን ልቧ ከጉዞው አልተመለሰም። ወደ መርከቧ ቢሮ ስትደውል ያነጋገረቻት ሠራተኛ፣ «እህትዎ ባይጠልቁም ይምጡ፤ ከላይ ሆነው ባሕሩን ያያሉ፤ እንዲህ የሚመጡ እንግዶች አሉን» አለቻት። አክስቴ «አይ፣ ብቻዬን ነኝ» ስትል የገዛ ድምፅዋን ሰማች። ሁለተኛው አልጋ ለማታውቃት ሴት ተሰጠ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የአክስቴ ደግነት ልክ አጣ። እናቴ ሳትጠይቃት ክር ታቀብላታለች፤ የወንበሯን ትራስ ታደላድልላታለች፤ በማያስቅ ቀልዷ ትስቅላታለች። ደግነቷ በበዛ ቁጥር ግን ቀና ብሎ ያንን ግንባር ማየት ያቅታት ጀመር። አንድ ጠዋት «እትዬ፣ ለኪልኝ» ከማለት ብቻዋን መቁረጥ ቀለላት፤ ለእጥፋት የሚተወውንም ረስታ ጨርቁን አሳጠረችው።

እናቴ ጨርቁን አንስታ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው።

«ይኼ መጋረጃ ነው ወይስ ጉርድ ቀሚስ?»

«እጥፋቱን ረሳሁት፣ እትዬ።»

«እጥፋቱንስ እሺ፣ እኔን እንዴት ረሳሽኝ? ምንድን ነው የደበቅሽኝ? ደግሞ አትዋሺ፤ ስትዋሺ አፍንጫሽን ያልብሻል።»

አክስቴ ሳታስበው አፍንጫዋን ጠረገች።

«መርከቧ ላይ ቦታ ይዣለሁ» አለች።

«በቃ ይኸው ነው? እኔ ጆሮዬ ስለተበሳ አንቺ የብስ ላይ እንድትቀሪ የምፈልግ መሰለሽ? የማትረቢ!» እናቴ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ ጨርቁንም ከመርፌው ሥር እያስገባች እንደ ዋዛ፣ «የማይጠልቅ ሰውስ አይወስዱም?» ስትል ጠየቀች።

አክስቴ መዋሸት ትችል ነበር፤ እናቴም በዚያች ደቂቃ አፍንጫዋን እያየች አልነበረም።

«ይወስዳሉ።»

«መቼ ነገሩሽ?»

«ቦታውን ስይዝ።»

«እንግዲያው ያልፈለግሽኝ አንቺ ነሻ።»

«አንቺ ከላይ ቁጭ ብለሽ ስትጠብቂኝ፣ እኔ ከታች...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «አይ፣ እሱም ሰበብ ነው። ለአንድ ሳምንት የማንም ታናሽ ሳልሆን መሰንበት አምሮኝ ነው። ልሰርዘው፣ እትዬ።»

«ሰርዘሽው ደግሞ ዕድሜ ልክሽን ስታኮርፊ ልይሽ? አታደርጊውም።»

እስከ መሄጃዋ ቀን ድረስ እናቴ ከሥራ በቀር ሌላ ነገር አላወራቻትም። አክስቴ ሻንጣዋን ስታሰናዳ የምትከተው ልብስ ሁሉ የተሰረቀ ይመስል በጥድፊያ ነበር የምታጥፈው። በሩ ላይ ልትስማት ስትጠጋ እናቴ ጉንጯን ሰጠቻት።

«ቂም ይዘሻል፣ እትዬ?»

«ይዣለሁ» አለች እናቴ ሳትሸሽግ። «እዚሁ እኔ ጋ አቆይልሻለሁ። አንቺ ይዘሽው ብትገቢ ውኃው ውስጥ ይከብድሻል።»

አክስቴ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ደረጃውን ወረደች። እናቴም በሩን የዘጋችው እስክትታጠፍ ድረስ ቆማ ካየቻት በኋላ ነው።