ቁመቱን ያሳጠርኩት ቤት

ፕሮጀክተር በየመሥሪያ ቤቱ በገባበት ሰሞን፣ አርባ ምንጭ ውስጥ ስላይድ የሚሠራ ሁሉ ማውስ ይዞ ፎቶ ሲጎትት ይውል ነበር። የፎቶውን ጥግ ይዞ ይስባል፣ ይገፋል፣ መልሶ ይስባል። እኔ እነዚህን ሰዎች እንቃቸው ነበር። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ስለነበር ስላይዴን የምሠራው ትእዛዝ በሚጻፍበት ፕሮግራም ነው። ፎቶው የት እንደሚቀመጥ፣ ወርዱና ቁመቱ ስንት እንደሚሆን በአንድ መስመር እጽፋለሁ፤ አለቀ። «እጅ ይሳሳታል፣ ትእዛዝ ግን አይሳሳትም» እያልኩ በየቢሮው እደነፋ ነበር።

አለቃዬ ደግሞ ሌላው ጉድ ነበር። ስላይድ ላይ ባዶ ቦታ ካየ የተዘረፈ ያህል ይቆጣል። አንድ ክረምት ዶርዜ ላይ ቱሪስት የሚያድርበት ግቢ እንድንመርጥ ታዘዝንና ሁለት ቤቶች ለመጨረሻ ቀረቡ። ዶርዜ ያለበት ተራራ ከቢሯችን መስኮት ይታያል፤ ሄዶ ማየት ይቻል ነበር። እሱ ግን ጫማው ጭቃ እንዳይነካው «ፎቶ አንሥተህ ና፣ በስክሪን እናየዋለን» አለኝ።

አንደኛው ቤት የአንድ አዛውንት ሸማኔ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ከሽመናው ሊሰናበቱ ስለሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀርከሃ አጠራቅመው ለእንግዳ ብለው ያሠሩት አዲስ ቤት ነው። ከዚያ ሌላ ተስፋ አልነበራቸውም። ቤቱ በጣም ረጅም ስለሆነ ካሜራውን በቁመቱ ይዤ፣ ርጥብ ሣር ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነው ያነሣሁት። ሸማኔው ከልባቸው ሳቁብኝ። ሁለተኛው ያረጀ፣ ዝቅ ያለ ቤት ነው። የዶርዜን ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው እየተቆረጠ ስለሚሄድ ከዓመት ዓመት ያጥራል፤ ዕድሜው በቁመቱ ይታወቃል። እሱን ካሜራውን አጋድሜ አነሣሁት።

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ወርዳቸውና ቁመታቸው እንዳይዛባም መጠናቸውን እንዲጠብቁ አዘዝኩ። አለቃዬ አየና «ይሄ ዙሪያውን ያለው ነጭ ምንድነው? ሙላው!» አለ። መጠን ጠብቅ የሚለውን ቃል አጠፋሁና ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወርድና ቁመት ሰጠሁ። ነጩ ጠፋ፣ ሰውዬው ደስ አለው። እኔም አተኩሬ ሳላይ ዘጋሁት።

ስብሰባው ላይ ቤቱን ከሚመርጠው ኮሚቴ አንዱ፣ ዶርዜ ተወልዶ ከተማ ያረጀ ኃላፊ፣ የሸማኔውን ቤት በጣቱ እያሳየ «ይሄንንማ ምስጥ ጨርሶታል። አዲሱ ያኛው ነው» አለ። ወደ ተራራው ዝር ያላሉት ሌሎቹም እንደ አዋቂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስክሪኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ረጅሙ ቤት ተደፍጥጦ፣ አጭሩ ተስቦ ቆሟል።

ሸማኔው ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ተነሡ። «የኔ ቤት እንዲህ አይደለም። ይሄ ልጅ ያውቃል። ቁመቱ ካሜራው ውስጥ አልገባ ብሎት መሬት ተኝቶ ነው ያነሣው» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያቺን «መጠን ጠብቅ» የምትል ቃል መልሶ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አለቃዬ አፈጠጠብኝ፤ እኔን የያዘኝ ግን እሱ አልነበረም። ስንቃቸው የኖርኩት የየቢሮው ማውስ ጎታቾች ከኮሚቴው ጋር ፊት ለፊቴ ተደርድረዋል። በእነሱ ፊት ተሳሳትኩ ማለት ሞት መሰለኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ፎቶው ልክ ነው» አልኩ።

ያረጀው ቤት ተመረጠ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ቃሏን መልሼ ጻፍኩ። ቤቱ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ዞር ስል ሸማኔው የረሱትን ዱላ ሊወስዱ ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ደካማ ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ አዩት።

«እሱ ነው» አሉ። «የኔ ቤት እሱ ነው።»

ያን ሁሉ ጊዜ ለማስተካከል ስታገል የቆየሁ መስሏቸው ነበር። «ለእኔ ብለህ ደከምክ፤ ተባረክ ልጄ» ብለውኝ ወጡ።

ኮሚቴው ገና የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሻይ እየጠጣ ነበር፤ በመስኮቱ ይታየኛል፤ ብጠራቸው ይሰሙኝ ነበር። ፕሮጀክተሩን አጥፍቼ ገመዱን ጠቀለልኩ።